ፈረቃው ያመለጣት ልጅ እና የእናት ድርሻ

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለብዙ ቤተሰብ ትንሽ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የአንዲትን ወጣት የመጀመሪያ እንጀራ ሊያሳጣ የሚችል ነው። ይኸውም ሥራ በጀመረች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አስባበት ሳይሆን በስሕተት፣ ፈረቃ ያመለጣት ልጅ ጉዳይ ነው።

ከሰበታ አልፎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ተፍኪን እንውሰድ። በዙሪያዋ ባለው የአዋሽ ሜዳ ገበሬው ጤፉን፣ ሽምብራውንና ጓያውን ያመርታል። ሥራ ፈላጊው ወጣት ግን ዓይኑን የሚጥለው ወደ ሰበታና ወደ ዓለም ገና ፋብሪካዎች ነው። በ2002 ዓ.ም. በዓለም ገና የተከፈተው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጥሮ ነበር። በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ እናቶችም ይህን ኑሮ ያውቁታል። ልጅ ማልዳ ትወጣለች፤ እናትም ሰዓት እየቆጠረች ትጠብቃለች።

የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ሥራ እስከምትጀምርበት ቀን ድረስ ጊዜዋን የሚቆጥሩላት ሌሎች ናቸው። እናቷ ትቀሰቅሳታለች፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ይጠራታል። ፈረቃ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሷ ስትቀር ከጎኗ ያለችው የሥራ ጓደኛዋ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። አለዚያም ፈረቃዋን የጨረሰችው ሠራተኛ ተተኪ አጥታ ደክሟት ትቆያለች። ስለዚህ የአንዲት ልጅ መቅረት የሌላዪቱን ቤት ጭምር ይነካል። ይህን ልጅቱ አስቀድማ ልታውቀው ይገባል።

ሆኖም ፈረቃ የሚያመልጠው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። አንዱ ምክንያት የሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር የውጭው አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ በመካከላቸውም የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። የውጭ አገር ባለሙያዎች በሚገኙበት ድርጅት የፈረቃው ሰሌዳ በውጭው አቆጣጠር ሊለጠፍ ይችላል። የእጅ ስልኩም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ «6:00» የሚል ያየች ልጅ ቀትር መስሏት፣ ቤቷን ጠርጋና ቁርሷን በልታ ተረጋግታ ብትነሣ ምን ይገርማል? ሰሌዳው የሚለው ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የ7 ሰዓት ሥራ ከሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ልጅቱ በቀትር በሩ ላይ ስትደርስ የሚቀራት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። «14:00» የሚለውም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የቀን ስም ሳይቀር ያሳስታል። እኛ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለውን ሌሊት ሰሌዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማክሰኞ ብሎ ይጽፈዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ሚኒባስ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞላ እንጂ የፈረቃ ሰዓት ጠብቆ አይደለም። በክረምት ዝናብ ሲጥል፣ አዋሽም ሲሞላ፣ የወትሮው ጉዞ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የድርጅቱ ሰርቪስ ካለም ለአንዲት ልጅ ብሎ አይቆምም።

ሦስተኛው እኛው ቤት ውስጥ ያለ ነው። ልጅቱ ማታ ከሥራ ተመልሳ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስታጥብ፣ ዕቃ ስታነሣ ታመሻለች፤ ሌሊቱ ሳይበቃት ይነጋል። ደመወዝ የምታመጣ ልጅ የቤቱን ሥራ እንደ ድሮው ሁሉ ብቻዋን ትሥራ ማለት ሁለት ፈረቃ አስገብቶ አንዱን ብቻ እንደ መቁጠር ነው። ወንድሞቿ ውኃ ቢቀዱ፣ ዕቃ ቢያጥቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሥራ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ የቀረችበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አይሠራም። ልጅቱ ታፍራለች። «ምን ብዬ እገባለሁ?» ስትል በማግሥቱም ትቀራለች። ሦስተኛው ቀን ሲመጣ ኀፍረቱ ከብዶ ሥራውን ጨርሶ መተው ይቀላታል። የሠራችበትን ደመወዝ እንኳ ሳትቀበል የምትቀር አለች። የአንድ ቀን ስሕተት የሥራ መልቀቂያ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እናት የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ትልቅ ኃይል አለው። «እኔ ድሮም አውቄሻለሁ፣ ሥራ የማይበረክትልሽ!» የሚለው ቁጣ ልጅቱን ከፋብሪካውም ከእናቷም ያሸሻታል። «ታማ ነበር በይና ተገላገይ» የሚለው ምክርም አይጠቅምም። ታምሜያለሁ ያለች ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ትጠየቃለች፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ ወደ ውሸት ይለወጣል። ይልቅስ «ልጄ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም አሁኑኑ ደውዪ፤ ካልሆነም ሄደሽ ንገሪያቸው» ይበሏት። እርስዎ አይደውሉላት፤ ከጎኗ ይቀመጡና ራሷ ትናገር። ንግግሩ ረዥም መሆን የለበትም፦ «ጋሼ፣ የሰሌዳውን ሰዓት ተሳስቼ ፈረቃው አመለጠኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ በሰዓቴ እገኛለሁ።» ይህን ያለች ልጅ ቁጣ ትሰማ ይሆናል፤ ግን ሥራዋን ለማትረፍ የሚቻላትን አደረገች።

ሕጉን ማወቅም ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት የሚያደርገው፣ ሠራተኛዋ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ ስትቀር ነው። ማርፈድም እንደዚሁ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን መቅረት ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ነገር ግን የሙከራ ጊዜ አለ። በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግና እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለችም ከተባለ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት ይችላል። እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው። ብትሰናበት እንኳ የሠራችበት ገንዘብ የእርሷ ነው፤ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈላት ይገባል። እውነት ታማ ከሆነም ቢዘገይ በማግሥቱ ለድርጅቱ ማስታወቅ አለባት።

አዋጁ ለወጣት ሠራተኞች የተለየ ጥበቃ አድርጓል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 ዓመት ጀምሮ 18 ያልሞላት ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለባትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላትም አትሠራም። የ16 ዓመት ልጅዎ በሌሊት ፈረቃ ተመድባ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ልጅቱ ለምን እንደቀረች ሳይሆን ለምን እንደተመደበች ነው። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም በአካባቢዎ ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ልጅዎ የሳምንቱን ሰሌዳ በወረቀት ገልብጣ ታምጣና እሑድ ማታ አብራችሁ ወደ እኛ ሰዓት መልሱት፤ ግድግዳ ላይም ለጥፉት። የተጠራጠራችሁበትን ሰዓት ተቆጣጣሪዋን ትጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የተቆጣጣሪዋን ስልክ ቁጥር ከእርሷ ስልክ ሌላ በወረቀትም ጻፉት፤ ባትሪ ያልቃልና። በዚያው አቅጣጫ ከምትሄድ የሥራ ባልደረባዋ ጋርም ትቀጣጠር፤ ሁለት ሆኖ የሚነሣ ሰው እምብዛም አይቀርም።

እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን እንጀራ መጋገርን የተማሩት የመጀመሪያው ስላረረባቸው ከምጣዱ ተባርረው አይደለም። «ደግሞ ሞክሪ» ስላልናቸው ነው። ሥራ መያዝም እንዲሁ ይለመዳል። አንድ ፈረቃ ያመለጣት ልጅ በማግሥቱ አንገቷን ሳትደፋ እንድትመለስ ማድረግ ከእኛ ከወላጆች የሚጠበቅ ነው።