አንድ ቀለም ለምን ይወደዳል?

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሊገዙ ከገቡ ሰዎች ጋር የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስደው ነገር ጥለቱ መሆኑን ያውቃል። እናት አረንጓዴውን ታነሣለች፤ ልጅ ወይን ጠጁን አልለቅም ትላለች፤ አክስት ደግሞ ከሰማያዊ ሌላ አይታያትም። ለምን ተብለው ቢጠየቁ ሦስቱም «ደስ ስለሚለኝ» ከማለት ያለፈ መልስ አይኖራቸውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩት የኖሩት ግን ይህንኑ «ደስ ይለኛል» ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ጃስትሮው እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ 4,500 የሚያህሉ ጎብኚዎች የሚወዱትን ቀለም እንዲመርጡ ጠይቆ ነበር። ሰማያዊ ያኔም፣ በተለይ በወንዶች ዘንድ፣ ከፊት ነበር።

በዓይናችን የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና ላይ፣ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንዱ ለአጭር፣ ሌላው ለመካከለኛ፣ ሦስተኛው ለረጅም የብርሃን ሞገድ ይበልጥ ይነቃል። አንጎል የሦስቱን መልእክት እያነጻጸረ ይህ ቀይ ነው፣ ያ አረንጓዴ ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ አብዛኞቻችን እንመሳሰላለን። ታዲያ ያው ቀይ አንዱን የሚማርከው፣ ሌላውን የሚያስከፋው ለምንድን ነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ጠባዩ ነው» የሚለው ነው። ቀይ የሚወድ ኃይለኛ፣ ሰማያዊ የሚወድ ረጋ ያለ ይባላል። ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሉሸር በ1940ዎቹ ይህን ሐሳብ ወደ ፈተና ለውጦ የሰዎችን ጠባይ በቀለም ምርጫቸው ሊያነብ ሞክሯል። ፈተናው ዝናው ቢገንም ከሌሎች የጠባይ መለኪያዎች ጋር ሲመሳከር ብዙም አልተስማማም። ሰውን በቀለም ምርጫው መፈረጅ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ከሰውዬው ሕይወት ዓይን ማንሣትም ይመስለኛል። ምርጫው የሚናገረው ከጠባዩ ይልቅ ያለፈበትን ነውና።

ይህን በጥሩ ማስረጃ ያሳዩት በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ፓልመርና ካረን ሽሎስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች 32 ቀለሞችን ምን ያህል እንደሚወዱ ጠየቁ። ሌሎች ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱን ቀለም ሲያዩ ወደ ሐሳባቸው የሚመጡትን ነገሮች ጻፉ፤ ሌሎች የእነዚያን ነገሮች ተወዳጅነት መዘኑ። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ጥርት ያለ ሰማይንና ንጹሕ ውኃን የሚያስታውሰው ሰማያዊ ከላይ ወጣ፤ ትውከትንና የበሰበሰ ምግብን የሚያስታውሰው ጠቆር ያለ ቢጫ ከታች ቀረ። በአማካይ ስንወስደው የቀለሞቹን መወደድና መጠላት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉን የሚያስረዱት ከቀለሞቹ ጋር የተያያዙት ነገሮች ነበሩ። ባጭሩ፣ አንድን ቀለም የምንወደው ያን ቀለም የያዙትን ነገሮች ስለወደድን ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የግል የሚሆነው። የምንወዳቸው ነገሮች አንድ አይደሉማ! የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቀለም ሰማያዊና ወርቃማ ነው፤ የተፎካካሪው የስታንፎርድ ቀይና ነጭ ነው። የሁለቱ ተማሪዎች ሲጠየቁ የየራሳቸውን ቀለም ከተፎካካሪያቸው አብልጠው ወደዱ፤ ትምህርት ቤቱን አጥብቆ የሚወድ ተማሪ ደግሞ ቀለሙን የዚያኑ ያህል ወደደ። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የኢትዮጵያ ቡናና የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም። ቡናማ በበርክሌዩ ጥናት በብዙዎች ካልተወደዱት ወገን ነበር። በምጣድ ላይ እየጠቆረ በሚሄድ ቡና ዙሪያ ጎረቤት ሲሰበሰብ እያየ ላደገ ሰው ግን ቡናማ ሌላ ቀለም ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርጫው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀርም አይደለም። የሚያስደስቱ ቀይ ነገሮችን፣ ለምሳሌ እንጆሪን፣ በሥዕል ያዩ ሰዎች ወዲያው ለቀይ ያላቸው ፍቅር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ በመጸው ቅጠሎች ሲቀሉና ሲቀልሙ የእነዚያ ቀለሞች ተወዳጅነት አብሮ ይጨምራል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ቢጫ የሚያምረን በዚሁ መንገድ ይሆናል። በተቃራኒውም ይሠራል። ከል ለብሳ ወራት የከረመች እናት ልጅ ጥቁር ቀሚስን እንደ ሠርግ ልብስ አድርጋ ማየት ሊከብዳት ይችላል፤ ለጓደኛዋ ግን ያው ጥቁር ከሁሉ የሚያምር ልብስ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ነገሩ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት ግን አይቻልም። በናሚቢያ የሚኖሩት የሂምባ ሰዎች ሲጠየቁ በአውሮፓና በአሜሪካ የለመድነው የሰማያዊ ቀዳሚነት አልታየም። እነርሱ ይበልጥ የወደዱት ደመቅ ያሉትን ቀለሞች ነበር፤ ከነገሮች ጋር ያለው ዝምድናም ምርጫቸውን እምብዛም አላስረዳም። በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ የተሠራን ጥናት ለሰው ልጅ ሁሉ ማልበስ እንደማይገባ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

ቀለም በሕይወታችን ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ያሳየኝ ግን ቀለም ያጣ ሰው ታሪክ ነው። ሐኪሙና ደራሲው ኦሊቨር ሳክስ ታሪኩን የጻፈለት አንድ ሠዓሊ በ65 ዓመቱ በመኪና አደጋ ራሱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ የተጎዳው ቀለምን የሚያቀናብረው የአንጎሉ ክፍል ነው። ዓለም ጥቁር፣ ነጭና አመድማ ሆነችበት። የቲማቲም ጭማቂ ጥቁር ሆኖ ታየው፤ ምግብ አስጠላው፤ ቀስ በቀስ እንደ ሩዝ፣ እርጎ፣ ጥቁር ወይራና ቡና ያሉ ቀድሞም ነጭ ወይም ጥቁር የሆኑትን መምረጥ ጀመረ። የስንት ዓመት ትዝታ የነበራቸው ሥዕሎቹ ትርጉም አጡበት፤ የቀለም ትውስታውም እየደበዘዘ ሄደ። ከጊዜ በኋላ ግን በጥቁርና ነጭ መሣል ያዘ፣ የሌሊት ጉዞ ወደደ፣ ጨለማ ውስጥ ከሌላው ይልቅ እንደሚያይ አስተዋለ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሰው የቀለም እይታውን በልምምድ መመለስ ይቻል ይሆናል ብሎ ሐሳብ አቀረበለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆን በደስታ በተቀበለው ነበር፤ አሁን ግን አልፈለገም። ዓለሙን ያለ ቀለም እንደገና ሠርቶ፣ የሚወዳቸውን ነገሮች በብርሃንና በጥላ መካከል አግኝቷቸው ነበር።