ብልሽቱ የት ነው? ከሳይንት አጅባር አፋፍ ላይ የሶፍትዌር ሬዲዮ ትውውቅ

የሬዲዮ ጠጋኝ ሥራውን የሚጀምረው ክዳን በመክፈት ነው። የዛገ የድንጋይ ማስቀመጫ፣ የተላቀቀ የድምፅ ማጉያ ሽቦ፣ የደከመ ኮንደንሰር፤ ጥሩ ዓይንና አንድ ቴስተር ካሉ አብዛኛው ብልሽት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ዛሬ የምናስተዋውቀው ሬዲዮ ቢከፈት ግን ከሁለት ትንንሽ ቺፖችና ከአንድ ክሪስታል ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ጣቢያውን የሚለየው፣ ጫጫታውን የሚያጣራው፣ ድምፁን ከሞገዱ ላይ የሚያወርደው ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ኮድ ነው። በሶፍትዌር የሚሠራ በመሆኑ ባለሙያዎች ኤስዲአር ይሉታል። አልሰማ ሲል «ምኑ ተበላሸ?» ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ ዕቃው ነው፣ ኮዱ ነው፣ ወይስ ሰማዩ?

የዕቃው አመጣጥ ያስቃል። በዩኤስቢ የሚሰካው ይህ ዶንግል የተሠራው ላፕቶፕ ላይ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፊንላንዱ ፕሮግራመር አንቲ ፓሎሳሪ፣ ውስጡ ያለው የሪልቴክ ቺፕ ኤፍኤም ሲከፈትለት ያልተቀነባበረውን ናሙና እንዳለ ለኮምፒውተሩ እንደሚወረውር አስተዋለ። ኦስሞኮም የተባለው ቡድን ወዲያው ድራይቨር ጻፈለት። ከዚያ በኋላ በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚገዛ የቴሌቪዥን ዕቃ ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ድረስ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ። ምልክቱን ለማቀነባበር ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲገነባ የቆየው ጂኤንዩ ሬዲዮ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ዶንግሉ አዳማጭ ብቻ ነው፤ ማስተላለፍ አይችልም። ማስተላለፍ የሚችሉት የዚህ ዘመዶች ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ክፉ ቦታ አይደለም፤ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ይሻላል ባይ ነኝ። አጅባርና መካነ ሰላም ያሉበት ደጋ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የተቆረጠ ነው፤ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮችም ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። የኤፍኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን በቀጥታ ነው የሚጓዘው። ከፍታን በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ፣ በ4.1 ማባዛት የሬዲዮውን አድማስ በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከዙሪያው በ900 ሜትር ከፍ ያለ አፋፍ ላይ የቆመ አንቴና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል ማለት ነው። ቆላ ወርዶ ከገደሉ ሥር የሚያዳምጥ ሰው በአንጻሩ ገደሉ ራሱ ይጋርደዋል፤ እዚያ ሲግናል ቢጠፋ ዶንግሉን መክሰስ ግፍ ነው። ሌላው ጥቅም ጸጥታው ነው። በትልቅ ከተማ አሳንሰሩ፣ ርካሹ ቻርጀር፣ የኤልኢዲው አምፖል ሁሉ ሬዲዮ ይረብሻል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ የምልክት ማቀነባበር ትምህርት ከሰሌዳ ላይ ወርዶ በእጅ የሚዳሰስበት ከዚህ የረከሰ ላቦራቶሪ አላውቅም።

አሁን ወደ ብልሽቱ። የመስኖ ውኃ ማሳው ሳይደርስ ሲቀር ገበሬው ቦዩን ከመሃሉ ሄዶ ያያል፤ እዚያ ውኃ ካለ ችግሩ ከታች፣ ከሌለ ከላይ ነው። የሶፍትዌር ሬዲዮ መሃል ጥሬው የናሙና ፋይል ነው። ዶንግሉ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ሲወስድ፣ አንዱ ናሙና ሁለት ባይት ስለሆነ፣ በሰከንድ 4.8 ሜጋባይት ይፈስሳል፤ የአንድ ደቂቃ ቅጂ 288 ሜጋባይት ይይዛል። ይህን አንዴ ቀድቶ ማስቀመጥ ግማሽ መፍትሔ ነው። ቅጂው ብዙ ሰው በሚጠቀምበት በተፈተነ ፕሮግራም ላይ በደንብ ከተሰማና በራስ ኮድ ላይ ካልተሰማ፣ አንቴናውን መነካካት ይብቃ። በተፈተነውም ካልተሰማ ኮዱን ማረም ከንቱ ድካም ነው። ጀማሪዎች ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሲነካኩ ያመሻሉ፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ተበላሽቶ ስለሚያገኙት ምን እንዳስተካከሉ እንኳ አያውቁም።

ከዕቃው ወገን የመጀመሪያው ፈተና አንቴናውን መንቀል ነው። ሲነቀል ስክሪኑ ላይ ያለው የጫጫታ ወለል ካልወረደ ወይ ኬብሉ ተቆርጧል፣ ወይም ጫጫታው ከላፕቶፑ ወይም ከዶንግሉ ከራሱ ነው። አንቴና ተነቅሎም ወለል ብሎ የሚታይ ቀጭን መስመር ከውጭ የመጣ ጣቢያ አይደለም። ቀጥሎ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ነው። በገጠር ቤቶች እየተለመደ የመጣው የሶላር መቆጣጠሪያም ቀላል ጠላት አይደለም፤ ቀን ባትሪ ሲሞላ አጭር ሞገዱን በጩኸት ይሸፍናል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም ይላል። ቀን ቀን ብቻ የሚታመም ሬዲዮ ካለ መጀመሪያ ጣሪያውን ማየት ነው።

ሰውን በብዛት የሚያታልለው ጌይን፣ ማለትም የምልክቱ ማጉሊያ ነው። አልሰማ ሲል እስከ ጫፍ መክፈት ያጓጓል። ይህ ዶንግል ግን ምልክቱን በ8 ቢት ነው የሚለካው፤ ከደካማው እስከ ኃይለኛው ማስተናገድ የሚችለው ልዩነት 50 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ማሰራጫ አጠገብ ከሆነ ኃይለኛው ጣቢያ ውስጡን ያናውጠውና በሌሉበት ቦታ ጣቢያዎች ይፈጥራል። መለያው ጌይኑን ዝቅ ማድረግ ነው። እውነተኛው ጣቢያ በዝቅታው ልክ ይወርዳል፤ ሐሰተኛው በዴሲቤል እስከ ሦስት እጥፍ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል፤ የእውነተኞቹ ድምፅ ደግሞ ይጠራል።

በ6090 ኪሎኸርዝ አጭር ሞገድ ሲሰማ የኖረውን የአማራ ሬዲዮ በዚህ ዕቃ ለመስማት የሞከረ ሰው ዝምታ ቢገጥመው ዕቃው አልተበላሸም፤ ከ24 ሜጋኸርዝ በታች መደበኛው መንገድ አይወርድም። አንዳንዶቹ ዶንግሎች ጣቢያ መራጩን ቺፕ ዘልለው አንቴናውን በቀጥታ ለመለኪያው የሚሰጡበት መንገድ አላቸው። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ክሪስታሉ 28.8 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከግማሹ፣ ከ14.4 በላይ ያለው ሁሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል፤ በ6.090 ላይ ያለው ጣቢያ በ22.710 ላይም ይታያል። ሁለቱ ሲደመሩ 28.8 ይሆናሉ። ከኮምፒውተሩ ይልቅ መደመር የሚችል ሰው ቶሎ ይደርስበታል።

ያው ክሪስታል ርካሽ ከሆነ ፍሪኩዌንሲውንም ያዛንፋል። ከሚሊዮን ሃምሳ ቢሳሳት በ100 ሜጋኸርዝ ላይ 5 ኪሎኸርዝ ነው። 200 ኪሎኸርዝ ለሚሰፋ ኤፍኤም ይህ ምንም አይደለም፤ ለጠባብ የመገናኛ ሬዲዮ ግን ድምፁን ያበላሻል። ሲሞቅም ይንሸራተታል። በሳይንት ብርድ ማለዳ የተሰካ ዶንግል ሞቆ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ቀድሞ የተሰጠ ማስተካከያ በኋላ ራሱ ስሕተት ይሆናል።

ወደ ኮዱ ስንመጣ የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ብልሽቱ ራሱ ቁጥር ይናገራል። ዶንግሉ የሚልካቸው ባይቶች ከ0 እስከ 255 ናቸው፣ ዜሮው ያለው 127.5 ላይ ነው። ይህን ሳይቀንስ የተጻፈ ኮድ ስክሪኑ መሃል ላይ እንደ ምሰሶ የቆመ ኃይለኛ መስመር ያያል፤ ባይቶቹን አሉታዊ ቁጥር ያላቸው አድርጎ ያነበበ ደግሞ ምልክቱን ጨርሶ ይሰባብራል። መሃል ላይ የቆመ መስመር ባዩ ጊዜ የጣቢያ መምረጫውን ትንሽ ማንቀሳቀስ ይበቃል። እውነተኛ ጣቢያ ከሆነ ቦታ ይቀይራል፤ መሃሉን ሙጥኝ ካለ የራስ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ናሙና መቀነስ ነው። 2.4 ሚሊዮኑን ወደ 240 ሺህ፣ ከዚያ ድምፅ ካርዱ ወደሚፈልገው 48 ሺህ ማውረድ የግድ ነው። ከአሥሩ አንዱን እየወሰዱ ዘጠኙን መጣል ቀላል ይመስላል። ሳይጣራ ከተጣለ ግን በዙሪያው ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ ተጣጥፈው አንዱ ላይ ይወድቃሉ፤ ዜናና ዘፈን ባንድ ላይ የሚሰማው ያኔ ነው። ማጣሪያው ሁልጊዜ ከመጣሉ ይቀድማል።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ጣቢያው በደንብ ይሰማል፣ ግን ከሥሩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። ኤፍኤም የሚፈታው እያንዳንዱን ናሙና ከቀደመው ጋር በማነጻጸር ነው። ናሙናው የሚመጣው በክምር በክምር ነው፤ የኦስሞኮም ድራይቨር አንዱን ክምር ሌላ ካልተባለ 262,144 ባይት ያደርገዋል፣ ይህም 131,072 ናሙና ነው። ኮዱ የቀደመውን ክምር የመጨረሻ ናሙና ካልያዘ አዲሱ ክምር በጀመረ ቁጥር ንጽጽሩ ይሰበራል። 2.4 ሚሊዮን ለ131,072 ሲካፈል 18.3 ያህል ይሆናል። በሰከንድ 18 ጊዜ ያህል ጠቅ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ኬብል ሳይነካ፣ ሳይነቅል፣ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ያውቃል። ድምፁ የሚቆራረጠው ያለ ሥርዓት ከሆነና ጂኤንዩ ሬዲዮ ጥቁሩ መስኮት ላይ «ኦ» የምትመስል ፊደል እየደረደረ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ላፕቶፑ የሚመጣለትን ናሙና መዋጥ አቅቶታል። የናሙናውን ብዛት መቀነስ ይሻላል።

ጨርሶ ብልሽት ያልሆነ ብልሽትም አለ። የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሥዕል በ137 ሜጋኸርዝ መቀበል ለጀማሪ የሚመከር ሥራ ነው፤ 53 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሽቦዎችን በ120 ዲግሪ ከፍቶ ማሰር ይበቃዋል። የቆዩ መመሪያዎች የሚጠቅሷቸው የአሜሪካ ኖኣ 15፣ 18 እና 19 ግን ሦስቱም በ2025 እ.ኤ.አ. ከሥራ ወጥተዋል። መመሪያውን ይዞ ሌሊት ሰገነት ላይ የሚቆም ሰው የሞተ ሳተላይት እየጠበቀ ነው፤ አሁን መፈለግ ያለበት የሩሲያዎቹን ሜቴኦሮች ነው።

አጭር ሞገድ ላይ ደግሞ የማፈን ታሪክ አለ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ መንግሥታቸው የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን አቅሙን ሲያዘጋጅ መቆየቱን ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢም በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በነበረው የሬዲዮ ሽኩቻ የተለቀቀ ጫጫታ የዓለም አማተሮችን ለዓመታት አማርሯል። እንዲህ ያለው ጫጫታ ስክሪን ላይ ሲታይ ግራና ቀኙ የተቆረጠ፣ ወርዱ የተለካ ግድግዳ ነው። ከጌይን ብዛት የሚመጣው ግን ዳር የለውም፤ ወለሉን ሁሉ ያነሣዋል።

የመጨረሻው የሰማዩ ጉዳይ ነው። የመሬት መግነጢሳዊ ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ውስጥ ቀዳዳ የመሰሉ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ በእነሱ የሚያልፍ የጂፒኤስ ምልክት በሰከንዶች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ይህንን የላይኛውን አየር ጠባይ ነው። ዶንግሉም የጂፒኤስ ምልክት የሚመጣበት 1,575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚደርስ ይህን ማየት ይችላል። ኬብሉ ከላላ ሳተላይቶቹ ሁሉ አብረው ይደክማሉ፤ ከሰማይ ከሆነ ግን በአንድ አቅጣጫ ያሉት ሲንቀጠቀጡ በሌላው አቅጣጫ ያሉት ደህና ይሆናሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ብዙውን ጊዜ ሁሉም በራሱ ይረጋል።