የገና ጌጥ ከደጃችን

የልደት በዓል በቀረበ ቁጥር በወልድያ ሱቆች ከሩቅ አገር የመጣ የፕላስቲክ ዛፍ፣ የሚያብለጨልጭ ክር፣ ባለ ቀለም ኳስና በኤሌክትሪክ የሚበራ የአምፑል ሐረግ ይሰቀላል። ዕቃዎቹ ያምራሉ፤ ልጆችም ሲያዩአቸው ደስ ይላቸዋል። ዳሩ ግን ዋጋቸው ለአንድ አነስተኛ ጉባኤ የሚቀል አይደለም። ስለዚህ ከምእመናንና ከፕሮጀክት ሠራተኞች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ ይኸውም፣ «የድሆችን ድርሻ ሳንነካ በዓሉን እንዴት እናድምቀው?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ራሳችን የሞከርነውን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስሕተታችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ጉባኤ ለገና ዝግጅት የተመደበውን ገንዘብ በሙሉ በዛፍና በአምፑል ላይ አዋልነው። በበዓሉ ማታ መብራት ጠፋ፤ አዳራሹም ጨለመ። ከእናቶች አንዷ ከቤቷ ያመጣችው ጧፍ ባይኖር ኖሮ መጽሐፍ የምናነብበት ብርሃን እንኳ አልነበረንም። በማግሥቱ ሒሳቡን ስንመረምር፣ ያ ገንዘብ በዚያው ጉባኤ ውስጥ ላሉ ሦስት ወላጅ አልባ ልጆች ለደብተርና ለእርሳስ ይበቃ እንደ ነበር ተረዳን። ማንም አልወቀሰንም፤ እኛ ግን አፈርን።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘነው ከመከራ ነው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በጦርነቱ ከባድ ጊዜ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የገና በዓል ደረሰ። ብዙ ሱቆች ተዘርፈው ወይም ተዘግተው ነበርና የሚገዛ ጌጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ገንዘብ ያለው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ልጆች የእርዳታ ዕቃ ከመጣበት ካርቶን ኮከብ ቆርጠው በበሩ ላይ ሰቀሉ። ያን ኮከብ ያየ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይመለከተው ነበር። ጌጥ ማለት ዋጋው እንዳልሆነ የገባን በዚያ ዓመት ነው።

የአባቶች ልማድና የሌሎች አገሮች ምሳሌ

በአገራችን የገና በዓል ያለ ፕላስቲክ ሲከበር ኖሯል። በዚሁ በሰሜን ወሎ በላሊበላ የልደት በዓል በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሲከበር፣ የበዓሉ ጌጥ የካህናቱ ነጭ ልብስ፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉና ዝማሬው ነው። በየቤታችንም ቢሆን እናቶቻችን ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቤቱን አጥበው፣ ዳቦ ጋግረውና ቡና አፍልተው እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ አሁንም ይቀበላሉ። ይህ ሁሉ ከአገር ውስጥ የሚገኝ ነው።

ዛሬ ውድ መስሎ የሚታየን የውጭ አገር ጌጥም አንዳንዱ የተጀመረው በተራ ዕቃ ነው። በጀርመን አገር በኒስኪ በነበረው የሞራቪያውያን ወንድሞች ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዓመታት ተማሪዎች ለጂኦሜትሪ ትምህርት መለማመጃ ከወረቀት ባለ ብዙ ጫፍ ኮከብ ይሠሩ ነበር። ያ የክፍል ሥራ ከጊዜ በኋላ የሄርንሁት ኮከብ ተብሎ በብዙ አገሮች የገና ምልክት ሆነ። በስዊድንም ከገለባ የተሠራ ፍየል እስከ ዛሬ የታወቀ የገና ጌጥ ነው። እንግዲህ እነርሱ ከእርሻቸው ገለባ ጌጥ ካወጡ፣ እኛ ከማሳችን አገዳ የማናወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

በአካባቢያችን ምን ይገኛል?

በዓሉ የሚውለው መኸር በሚሰበሰብበት ወራት በመሆኑ ዕቃ ለማግኘት አመቺ ነው። ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ የስንዴና የገብስ አገዳ ይገኛል። በመርሳና በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ማሽላ ሞልቷል። ስንደዶና አክርማ፣ በቀለም የተነከረውም አለላ፣ በማክሰኞ ገበያ ከሰፌድ ሰፊዎች ዘንድ አይጠፋም። ከፍራፍሬ ሻጮች የብርቱካን ልጣጭ፣ ከባለ ሱቆች ባዶ ካርቶን፣ ከየቤቱ ባዶ የዘይት ጣሳ መለመን ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። ለገና ዛፍ ተብሎ ጽድ አይቆረጥ። ጽድ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ለአንድ ማታ የተቆረጠውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዛፍ የግድ ካስፈለገ ከግቢ ዛፍ ላይ የተገረዘ ቅርንጫፍ በጣሳ አሸዋ ውስጥ ማቆም ይበቃል።

አሠራሩ

1ኛ፤ የአገዳ ኮከብ። የስንዴ ወይም የገብስ አገዳ ከውቂያ በፊት ይወሰድ፤ በሬ ከረገጠው በኋላ ይደቃልና አያገለግልም። ከብቶች የሚበሉት ስለ ሆነም አንድ እፍኝ ብቻ ይበቃል። አገዳውን ለአንድ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ደረቅ አገዳ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያ 12 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት አገዳዎች ይቆረጡ። ሁለቱን በመስቀል ቅርጽ ማስቀመጥ፤ የቀሩትን ሁለት ደግሞ በእነርሱ ላይ አግድም ማጋደም ነው። ስምንት ጫፍ ይወጣል። መካከሉን በጣት ይዞ በፈትል መጠምጠም ያስፈልጋል፤ ፈትሉ ከላይ ባሉት አገዳዎች በላይ፣ ከታች ባሉት በታች እያለፈ ይዙርና ከኋላ ይቋጠር። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ቀለሙም ወርቅ ይመስላል።

2ኛ፤ የካርቶን ኮከብ። በክር ጫፍ እርሳስ አስሮ በካርቶን ላይ ክብ መሣል ነው። ክሩን ሳያሳጥሩና ሳያስረዝሙ በዚያው ልክ የክቡን ዙሪያ መለካት፤ ልክ ስድስት ጊዜ ይደርሳል። በየስፍራው ነጥብ ይደረግ። አንድ ነጥብ እየዘለሉ በመስመር ሲያገናኙ ሁለት ሦስት ማእዘን ይወጣል፤ ሁለቱ ተደራርበው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይሆናሉ። ማስመሪያ ካለ ልጆች ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሒሳብም ይማሩበታል። በኮከቡ ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀና የተዳመጠ አገዳ በሙጫ ቢለጠፍበት ያበራል።

ሙጫውን በቤት መሥራት ይቻላል። አንድ ስኒ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ በሚፈላ ሦስት ስኒ ውኃ ላይ እያማሰሉ ማፍሰስና እስኪወፍር መጠበቅ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላሻልና በሚፈለገው መጠን ብቻ ይሠራ። እዚህ ላይ አንዲት እናት ያሉንን አንረሳም። ጥሩ ዱቄት ስንበጠብጥ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ እኮ የአንድ ሰው እራት ነው» አሉን። ከዚያ ወዲህ ከወፍጮ ቤት ወለል ላይ የሚጠረገውን ብናኝ ለምነን እንጠቀማለን፤ ለሙጫ ምንም አያንሰውም።

3ኛ፤ የጣሳ ፋኖስ። የዘይት ጣሳ ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ጠርዙ በመዶሻ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ስል ጠርዝ እጅ ይቆርጣል። ጣሳውን እርጥብ አሸዋ መሙላትና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ በምስማር ሲመታ ይጨማደዳል። የኮከብ ቅርጽ በከሰል ሥሎ በመስመሩ ላይ በምስማር መብሳት ነው። አሸዋው ይደፋ፤ ሦስት ጣት ያህል ግን ይቅር። በዚህ አሸዋ ላይ ሻማ ይቆማል። ሲመሽ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ኮከብ ይሥላል። መብራት ቢጠፋም አያሳፍርም።

4ኛ፤ የልጣጭ ጌጥ። የብርቱካን ልጣጭ ሳይደርቅ በኮከብ ወይም በልብ ቅርጽ ይቆረጥ፤ በወስፌ ይበሳ። በሁለት ጣውላ መካከል አድርጎ ድንጋይ መጫን ነው፤ አለዚያ ሲደርቅ ይጠቀለላል። ከጥቂት ቀን በኋላ በፈትል ሰክቶ መስቀል ይቻላል። መልካም ሽታም አለው።

5ኛ፤ ግርግም። ልጆች ከማሽላ አገዳ ጎጆና አጥር፣ ከጭቃ በሬ፣ በግና አህያ መሥራት ያውቃሉ፤ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን አንብቡላቸውና ሥሩ በሏቸው። ጌታ በከብቶች ግርግም መተኛቱን ከብት ጠባቂ ልጅ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ስለ እሳት

ገለባ፣ ወረቀትና ቄጠማ በቀላሉ ይነድዳሉ። ስለዚህ ጧፍም ሆነ ሻማ ከአገዳ ኮከብ በታች ወይም አጠገብ አይቁም። ብርሃን በጣሳ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ጣሳውም በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ይቀመጥ። አንድ ትልቅ ሰው የእሳት ኀላፊ ሆኖ ይመደብ፤ አንድ ባልዲ ውኃም በበሩ አጠገብ ይኑር። ጣሪያው ሣር በሆነ ቤት የባትሪ መብራት ይሻላል።

ርካሽ ማለት በነጻ ማሠራት አይደለም

ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ የምንለው አለን። ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ እናቶች ከአለላ እጅግ ያማረ ኮከብ መስፋት ይችላሉ። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» እያልን በነጻ እንዲሰፉ መጠየቅ ግን ልማድ ሆኖብናል። ከነጋዴ የፕላስቲክ ኳስ ስንገዛ ሳንከራከር ከፍለን፣ ከመበለቲቱ እጅ ስንወስድ ምስጋና ብቻ መስጠት ትክክል አይደለም። አንድ ኮከብ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀባት ጠይቁ፤ የስንደዶውንና የቀለሙን ወጪ ጨምራችሁ ክፈሉ። ይህም ሆኖ ከሱቁ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ገንዘቡም በመንደራችን ይቀራል።

በሌላ በኩል፣ ሥራው ስላማረ ብቻ ሃምሳና መቶ ኮከብ አሰፍቶ ለገበያ ማቅረብን አንመክርም። የገና ጌጥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈለግ ነው። ገዢው አስቀድሞ ካልታወቀ እናቶች ድካማቸውን ታቅፈው ይቀራሉ። አስቀድሞ የታዘዘውን ያህል ብቻ ይሰፋ።

ለዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ዕቃ ይሰብሰብ፤ በሁለተኛው ወጣቶችና ልጆች ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ይሥሩ፤ በሦስተኛው ይድረቅና ይሰቀል። ከበዓሉ በኋላ የአገዳውንና የአለላውን ኮከብ በካርቶን አድርጋችሁ አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ አኑሩት፤ ለሚመጣው ዓመት ያገለግላል። የተበላሸው እንኳ አፈር ይሆናል፤ እንደ ፕላስቲኩ ከብት ውጦት አይታመምም።

በመጨረሻም የተረፈው ገንዘብ የት እንደሚውል ጌጡ ከመሠራቱ በፊት በጉባኤ ፊት ይወሰን፤ ሒሳቡም ይነበብ። እኛ ባለፈው ጊዜ ያጎደልነውን ደብተርና እርሳስ በሚቀጥለው ዓመት ገዝተን ለሦስቱ ልጆች ሰጥተናል። በዚያ ዓመት ከአዳራሹ በር በላይ የተሰቀለውን የካርቶን ኮከብ የሠሩትም እነርሱው ነበሩ።