ጐራዴው፣ ፊልሙና ታሪኩ

ተማሪዎቻችንን ስለ ጃፓን ሳሙራይ ብንጠይቃቸው፣ መልሱን የሚሰጡን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፊልም ነው። ሳሙራይ ብቻውን ሃያ ሰው የሚጥል፣ ጠመንጃን የሚንቅ፣ ከጐራዴ በቀር የማያውቅ ጀግና ነው ይሉናል። ፊልም ማየታቸው ጥፋት አይደለም። ቁም ነገሩ የፊልሙን ጌጥ ከታሪኩ መለየት መቻላቸው ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ታሪኩን እንመልከት። ሳሙራይ በጥንቱ ዘመን ከሁሉ በፊት በፈረስ ተቀምጦ በቀስት የሚዋጋ ወታደር ነበረ። ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 በፖርቱጋሎች አማካይነት ነው። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1575፣ በናጋሺኖ ጦርነት የኦዳ ኖቡናጋ ጠመንጀኞች ዝነኛውን የታኬዳ ፈረሰኛ ጦር ሰበሩት። ከ1600ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ግን አገሪቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሰላም ስላገኘች፣ ብዙው ሳሙራይ ደመወዝተኛ ጸሐፊና አስተዳዳሪ ሆነ፤ ጐራዴውም የማዕርግ ምልክት ሆኖ ከወገቡ ላይ ቀረ።

ፊልም ሠሪዎች ይህን በልዩ ልዩ መንገድ አቅርበውታል። የታኬሺ ኪታኖ «ዛቶይቺ» (2003) ዐይነ ስውሩን ጐራዴኛ ጠጕሩ ወርቃማ ቀለም ተነክሮ ያሳየናል፤ ደሙ በኮምፒዩተር የተሣለ ነው፤ መደምደሚያውም ጭፈራ ነው። ይህ ማንንም አያታልልም፤ ጨዋታ መሆኑን ራሱ ይናገራልና። የዮጂ ያማዳ «ታሶጋሬ ሴይቤይ» (2002) ደግሞ ልብ ወለድ ነው፤ ሆኖም በመጋዘን ጸሐፊነት የሚሠራው ድኻ ሳሙራይ፣ ለሚስቱ ቀብር ሲል ረጅሙን ጐራዴውን ሸጦ በአፎቱ ቀርከሃ ይዞ ሲዞር ስናይ፣ የዘመኑን እውነተኛ ኑሮ እናገኛለን።

«የመጨረሻው ሳሙራይ» (2003) የተባለው የአሜሪካ ፊልም ከዚህ ይለያል። መነሻው በ1877 የተነሣው የሳትሱማ ዐመፅ ነው። በፊልሙ ዐማፅያኑ ጠመንጃን ንቀው በጐራዴና በቀስት ይዋጋሉ። የእውነተኛው ዐመፅ መሪ የሳይጎ ታካሞሪ ጦር ግን ጠመንጃም መድፍም ነበረው፤ በመጨረሻው ቀን ጐራዴ መዞ የወጣው ጥይቱ አልቆ፣ ሠራዊቱ ተመናምኖ ነው። ፊልሙ ችግርን እምነት አስመሰለው።

ከዚህ ላይ፣ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከጅቡቲ ከተማ ሩቅ አይደለም። ስለ ዐድዋ ድል ስናወራ፣ አባቶቻችን በጦርና በጐራዴ ብቻ መድፍን እንዳሸነፉ አድርገን መናገር እንወዳለን። አባባሉ ልብ ያሞቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርም ጐራዴም ከሜዳው እንደ ነበሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ነበረ፤ መድፍም ነበረው። መሣሪያው ይገባባቸው ከነበሩት በሮች መካከል ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉት ታጁራና ኦቦክ ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ የደረሰው በ1885 መጨረሻ ነበር። እዚያ አንድ ዓመት ያህል ከተጕላላ በኋላ የግመል ቅፍለቱን አስከትሎ በአፋር በረሓ ወደ ሸዋ ወጣ።

እንግዲህ ተማሪው ጐራዴውን ብቻ ካወቀ፣ ድሉን ያለ ዝግጅት የተገኘ አድርጎ ይቈጥረዋል። የብዙ ዓመት ግዢውን፣ ድርድሩን፣ ስንቁን፣ በዚያ ሐሩር መሣሪያውን ያጓጓዘውንም ግመል ነጂ ይረሳል። አባቶቹን ያከበረ እየመሰለው ብልሃታቸውን ይነፍጋቸዋል።

ይህ ማለት ግን ጌጥ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ሠዓሊዎች የተሣለውን የዐድዋ ሥዕል እንመልከት። ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዐይን፣ ጠላት በአንድ ዐይን በጐን ይሣላል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በፈረሱ ሆኖ ከሰማይ ይታያል። ይህ የአሣሣል ልማድና የእምነት መግለጫ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያውያኑ እጅ ጠመንጃው አለ፤ መድፉም አለ። ሠዓሊው አስጌጠ እንጂ አልደበቀም። የአኪራ ኩሮሳዋ «ካጌሙሻ» (1980) እንዲሁ ነው፤ በናጋሺኖ ጠመንጃው ሲተኰስ ያሰማናል፤ ፈረሰኞቹ ሲወድቁ ከማሳየት ይልቅ የሚመለከቱትን ሰዎች ፊት፣ ኋላም ሜዳውን የሞላውን ሬሳና የሚያጣጥሩትን ፈረሶች ያሳየናል።

ስለዚህ መምህራን ፊልሙን ከማውገዝ ይልቅ ተማሪዎቻቸውን ሦስት ነገር ቢያስጠይቁ መልካም ነው። 1ኛ፣ ፊልሙ ታሪክ ነኝ ይላል ወይስ ጨዋታ ነኝ? 2ኛ፣ የጨመረው ምንድን ነው? 3ኛ፣ የተወውስ? ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ የሌለ ነገር በዐይን አይታይምና። መልሱን ፍለጋ ተማሪው ከፊልሙ ወደ መጽሐፉ መሄዱ አይቀርም።