«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማን ነው?

መርካቶ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገዛ የገባ ሰው፣ ከመደርደሪያው በላይ በማርከር የተጻፈች አንዲት ወረቀት አያጣም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም»። ጫማ ቤትም አለች፣ ሞባይል ቤትም አለች። ማኅተም አስቀርጸው ደረሰኝ ላይ የሚመቷትም አሉ። ከብዛቷ የተነሳ ለብዙ ሰው ሕግ ትመስለዋለች።

ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የተበላሸው አገልግሎት ከሆነም ያለ ክፍያ እንደገና ይሠራለታል፣ አለዚያ የከፈለው ይመለስለታል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከሰጠ፣ ለምሳሌ የአንድ ዓመት፣ አዋጁ እሱን አይነካበትም።

ምጣዱን እንውሰድ። ሱቅ ውስጥ ሲሰካ መብራቱ በርቷል፣ በእጅ ሲዳሰስም ሞቋል። ሻጩ «ይኸው፣ አይተሽ ነው የወሰድሽው» ብሎ ጠቅልሎ ሰጥቷል። ቤት ገብቶ ሊጥ ሲፈስበት ግን አንድ ጎኑ ያራል፣ ሌላው ጎኑ ጥሬ ይቀራል፤ እንጀራው ግማሽ ድረስ ዓይን አውጥቶ ከዚያ ወዲያ ድፍን ነው። ምጣድ የሚታወቀው በሊጥ ነውና ይህን ጉድለት የሱቅ ሙከራ አያወጣውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢ በበኩሉ ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዳየ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ምጣዱን ለበዓል ብሎ ቆጥ ላይ ማሳደር እንግዲህ አያዋጣም።

ወረቀቷ ጭራሽ ዋሾ ናት ማለትም አይደለም። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ቀለሙ አማትን ስላላስደሰተ ብቻ ነጋዴው መልሶ እንዲቀበል ይህ ድንጋጌ አያስገድደውም። የ15 ቀኑ መብት የጉድለት ነው።

«ሸማቾች» ሲባል የከተማ ሰው ትዝ የሚለው የማኅበሩ ሱቅ፣ የስኳርና የዘይት ሰልፍ ነው። በአዋጁ ግን ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ግለሰብ ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ቢከፍልለት እንኳ። ሊያተርፍበት ወይም ሊያመርትበት የሚገዛ ግን በዚህ ስም አይጠራም። ስለዚህ ያው ምጣድ ለቤት ሲገዛና ለእንጀራ ንግድ ሲገዛ በአዋጁ ዓይን አንድ አይደለም።

ከመብቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው የክብር መብት ነው። ማንኛውም ነጋዴ ሸማቹን በትሕትናና በአክብሮት መቀበል አለበት፤ ከስድብ፣ ከዛቻና ከማሸማቀቅም ሕጉ ይጠብቀዋል። ዕቃ በማየቱ፣ ምርጫ በመጠየቁ ወይም ዋጋ በመከራከሩ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ሦስት ጥንድ ጫማ አስወርዳ፣ ለክታ፣ ተከራክራ ሳትገዛ የወጣችን ልጅ «ካልገዛሽ ምን አስወረደሽ?» ብሎ ከኋላዋ የሚጮህ ሰው፣ ባለጌ መሆኑን እንጂ ሕግ መጣሱን አያውቅም። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው መርካቶን ሳያውቅ አልቀረም።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ መክፈያው ላይ ነው። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላል ሻጩ፤ ሁለት ዋጋም ይጠራል። ገዢው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ላለመክፈል ያለ ደረሰኝ ይወስዳል። በማግስቱ ምጣዱ ሲያምፅ «ከእኔ መግዛትሽን በምን አውቃለሁ?» ይባላል። ለ15 በመቶ ሲባል 15 ቀኑ ተሸጠ። ደረሰኝ መስጠት በአዋጁ የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ገዢው ለምኖ የሚያገኘው ውለታ አይደለም። ዋጋን በግልጽ መለጠፍም እንዲሁ። ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያለ የሚነግድ ሰው ይህን ግዴታ የት እንደጣለው እሱ ያውቃል።

«እኔ ከጅምላ አምጥቼ ነው፣ ፋብሪካውን ጠይቂ» የምትለዋ መልስም ብዙ አታስኬድም። ጉዳት የደረሰበት ሸማች አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሳ መጠየቅ ይችላል። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት መቀላቀል ደግሞ ከካሳም አልፎ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው።

አቤቱታው የት ይሄዳል? ሻጩ ዘንድ መጀመር ይቀድማል፤ እምቢ ካለ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ ይይዝ የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የሕጉ ድካም የሚታየውም እዚህ ነው። ለአንዲት ምጣድ ሁለትና ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ የታክሲ ከፍሎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ጥቂት ነው፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ብዙዎች ምጣዱን ለጥገና ሰጥተው ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ደረሰኙን ይዛ ለመከራከር የቆረጠች ገዢ አንድ ነገር ብታውቅ ይጠቅማታል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት ጽሑፉን የሚይዘው በሙቀት ነው፤ ቀለም የለውም። ማድ ቤት ምጣዱ አጠገብ ከተቀመጠ ይጠቁራል፣ ፀሐይ ካገኘውም ይደበዝዛል። ከሱቁ ሳይወጡ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ቀኑ፣ የሱቁ ስምና የዕቃው ዓይነት እንዲነበብ አድርጎ። ብዙ ጊዜ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ይጻፋልና፣ «ምጣድ» ብለህ ጻፍልኝ ማለትም ያስፈልጋል።