ዐሥራ አንድ ዓመት የቈየችው ጊታር

ሰው ሁሉ ከቤቱ ጓዳ ውስጥ ጀምሮ የተወው አንድ ሥራ አያጣም። የአንዱ በሃያኛው ገጽ ላይ ዕልባት የተደረገበት መጽሐፍ ነው፤ የሌላው ተመዝግቦ የቀረበት የማታ ትምህርት ነው፤ የኛ ደግሞ ጊታር ነበረች። በገዛ እጃችን እንሠራታለን ብለን የጀመርናት የኤሌክትሪክ ጊታር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጋድማ ከቈየች በኋላ፣ ባለፈው ኅዳር 5 ቀን ማታ በጐንደር ቁስቋም፣ በእናታችን ቤት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠች። በዐሥራ አንድ ዓመት ያልሆነው ነገር በዐሥራ ስድስት ቀን እንዴት እንደ ሆነ ማወቁ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቅም ይሆናል ብለን ታሪኩን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ቁስቋም የጐንደርን ከተማ ቍልቍል በሚያይ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና የራሳቸውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት በዚሁ ስፍራ ነው። ዓመታዊው በዓል ኅዳር 6 ቀን ሲከበር በየአገሩ የተበተነው የሰፈሩ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም ተማሪ ሳለን ጊታር ልንሠራ መነሣታችንን ለቤተ ዘመድ ሁሉ ያወራነው በዚሁ በዓል ቀን ነበር።

አጎታችን አናጢ ነው። ወሬውን በሰማ ጊዜ ለቁም ሣጥኑ መዝጊያ ብሎ ለዓመታት ያደረቀውን የዋንዛ ሳንቃ አውጥቶ በልካችን ቈረጠልን። «መዝጊያው ይቈየኛል፤ አንተ ሥራህን ጨርስ» አለን። ቁም ሣጥኑም መዝጊያ አጥቶ መጋረጃ ተንጠለጠለበት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን «ምነው፣ ያች ነገር ዘፈነች?» እያለ ይጠይቀናል፤ እኛም «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀራት» እያልን እንመልሳለን። የቀራት ግን ትንሽ አልነበረም።

ለመሆኑ የኤሌክትሪክ ጊታር የምትሠራው እንዴት ነው? የተለመደችው ጊታር እንደ ክራር ናት፤ የክሯን ድምፅ የሚያጐላው ባዶው ሆዷ ነው። የኤሌክትሪኳ ግን ደረቅ ሳንቃ ብትሆንም ትጮኻለች። ከክሮቿ ሥር ማግኔት አለ፤ በማግኔቱም ዙሪያ ከጠጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተጠምጥሞአል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኀይል ያናውጠዋል፤ ከዚህም መናወጥ የተነሣ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይወለዳል። ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ደርሶበታል። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ጆርጅ ቦሻም የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በጊታር ላይ አዋለው፤ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ ያወጣትንም መሣሪያ ሰዎች በቅርጿ ምክንያት «መጥበሻ» ብለው ጠሯት።

ይህችው መሣሪያ በአገራችን የራስዋን አነጋገር አግኝታለች። በ1975፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ነበር። ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ብቻ የሚጓዙ ቅኝቶች ስለ ሆኑ፣ ክራር የለመደ ጆሮ በዚያ ጊታር ላይ የሚያውቀውን ነገር ይሰማል። እኛንም የማረከን ይኸው ነበር።

ማራኪነቱ ግን ዕውቀት አልሆነንም። በመጀመሪያው ዓመት የሠራነው ስሕተት ተቈጥሮ አያልቅም። የክሩን ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር አድርገን፣ እስከ እኩሌታው ያለውን 324 ሚሊ ሜትር ለ12 አካፍለን፣ በአንገቷ ላይ የሚተከሉትን ፍሬቶች እያንዳንዳቸውን በ27 ሚሊ ሜትር ርቀት ደረደርናቸው። ለዐይን እንደ መሰላል ያማሩ ነበሩ፤ ለጆሮ ግን አንዱም ልክ አልነበረም። ፍሬት ወደ ታች በሄደ ቍጥር እየተቀራረበ መሄድ አለበት። ልኩ የሚገኘው የቀረውን የክር ርዝመት በ17.817 በማካፈል ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው በ36.4 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል፤ ከእሱ እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት 34.3 ይሆናል፤ እንዲህ እያለ 12ኛው በትክክል እኩሌታው ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ስሕተት የክሩ ነበር። ብረት አልተገኘም ብለን የናይሎን ክር ወጠርን። ማግኔት ናይሎንን አያውቀውም፤ ስለዚህ መሣሪያችን ዲዳ ሆነች። ክር በዚህ አገር የቈየ ችግር ነው። በ1762 ዓ. ም. ጐንደር የገባውና በዚሁ በቁስቋም በእቴጌይቱ ዘንድ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሲጽፍ፣ ከበግና ከፍየል ቆዳ የሚገመደው የክራር ክር በበጋ እንደሚበጠስ፣ በክረምት ደግሞ ድምፁ እንደሚጠፋ አመልክቶአል። ድርዳሪው ግን ክሩ ተበጠሰ ብሎ ክራሩን ጥሎ አልሄደም፤ ሌላ ገመደ። እኛ ግን ጥለን ሄድን።

በመጨረሻም ሽቦውን ከተበላሸ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ፈትተን በእጃችን ስንጠመጥም ሦስት ሺህኛው ዙር ላይ ተበጠሰብን። «እንግዲህ የተሠራውን ከውጭ አገር እናስመጣለን» ብለን ተውነው። የዐሥራ አንዱ ዓመት እንቅፋት ይህች አንዲት ቃል ነበረች። ከውጭ የሚመጣውን የሚጠብቅ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ እንዲያውም ጥራት የሚወድ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ሳናፍር ጠበቅን። ትምህርት ጨረስን፤ ሥራ ያዝን፤ ደመወዝም አገኘን፤ ከውጭ ግን አንዳች ነገር አላስመጣንም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 6 ቀን አጎታችን ሳይጠይቀን ቀረ። በመካከሉ ጆሮው ደክሞ ስለ ነበር ይሆናል ብለን ራሳችንን አጽናናን። ነገር ግን ከተለመደው ጥያቄ ይልቅ ዝምታው ከበደን። ቤቱ በገባን ጊዜም መጋረጃው አሁንም በቁም ሣጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ አየን።

በዚያ ሰሞን ስለ ብራያን ሜይ አነበብን። ይህ ሰው የክዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ሲሆን፣ በዓለም የታወቀችውን ቀይ ጊታሩን በ1963 በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከአባቱ ጋር በቤት ውስጥ መሥራት ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የአንገቷ እንጨት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ የተወሰደ ነው፤ ሞላዎቿ የሞተር ብስክሌት ናቸው፤ በአንገቷ ላይ ያሉት ምልክቶች የልብስ ቍልፎች ናቸው። ማግኔትና ሽቦውንም በመጀመሪያ ራሱ ሠርቶ ሞክሮ፣ ድምፁ ባላረካው ጊዜ በተገዛ ተካው። ማለት ከሞከረ በኋላ ገዛ እንጂ እስኪገዛ ድረስ ሳይሞክር አልቈየም። ይኸው ሰው በሙዚቃ ምክንያት ያቋረጠውን የሥነ ፈለክ የዶክተርነት ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ በ2007 ፈጽሞአል። ይህን ስናነብ ዐሥራ አንዱ ዓመት ይቅርታ የሌለው ብዙ ዘመን አልመስል አለን።

ጥቅምት 20 ቀን የዓመት ፈቃዳችንን ይዘን ቁስቋም ደረስን። ጊታሪቱን ብንፈልግ ከቦታዋ የለችም። ለካስ እናታችን መክተፊያ አድርጋታለች። «እንጨት መስሎኝ ነው ልጄ፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ሽንኩርት ይከተፍበት ብዬ ነው» አለች። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ መልስ አጣን። ያልተጨረሰ ጊታር እንጨት ነው። ፍቀን አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣናት፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን ዛሬም ከዋንዛው አልለቀቀም።

የቀድሞዎቹን ፍሬቶች ነቅለን፣ አሮጌውን ገጽ ልጠን፣ በምትኩ ስስ የወይራ ጣውላ ለጠፍን፤ በአዲሱ ስሌት መሠረትም በቀጭን መጋዝ ሸንሽነን ከናስ ዘንግ የተሞረዱ ፍሬቶችን ተከልን። ክር ማጥበቂያዎቹን ከተሰበረ ጊታር ወሰድን። ማግኔቱ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ የወጣ ነው፤ በላዩም ለእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት የብረት ሚስማር አቆምን። ቀጭኑ ሽቦ የተገኘው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ከተጣሉ ሁለት የቴሌፎን ደወሎች ነው። እነዚህ ሁሉ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ ሳይርቁ ተቀምጠው ነበር። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ተረት ትዝ አለን።

የቀረው የመጠምጠሙ ሥራ ነበር። በዚህ ጊዜ ረዳት የሆነን አንድ የጐረቤት ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ክር የምታጠነጥን ትንሽ መንኰራኵር አለችው። በቀለም ምልክት አድርገን ስንቈጥር ትልቁ መንኰራኵር አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሿ አምስት ጊዜ ትዞራለች። እንግዲህ 7000 ዙር ለማግኘት 1400 ጊዜ ማዞር በቂ ነው። ልብስ ሰፊው በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ እኛ ሽቦውን በጨርቅ መካከል እያሳለፍን እንመራለን፤ የእሱ ልጅ ይቈጥራል። ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ነገር ግን የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ተፍቆ፣ በቆርቆሮ ተበይዶ፣ ተሸፍኖ ይቀጠላል። ይህን ቀድሞ ብናውቅ ኖሮ ሦስት ሺህኛው ዙር ላይ ባልቀረን ነበር።

ኅዳር 5 ቀን ማታ ከአዲስ አበባ ይዘናቸው የመጣነውን የብረት ክሮች ወጥረን፣ መሣሪያችንን ከአሮጌ ቴፕ የማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር አገናኘናት። በመጀመሪያ የተሰማው እንደ ንብ መንጋ ያለ ጕምጕምታ ብቻ ነበር። ክሮቹን በእጃችን ብንነካም አልቀነሰም። ይህ ክሮቹ ከመሣሪያው መሬት ጋር አለመገናኘታቸውን የሚያሳይ ምልክት ስለ ሆነ፣ አንድ ሽቦ ከክሮቹ ማሰሪያ ሥር አሳልፈን በየድን። ጕምጕምታው ጋብ አለ። ከዚያም ወፍራሙን ክር መታን። ድምፁ ፋብሪካ ከሚሠራው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥቂት ይሻክራል፤ አምስተኛው ክር ከሌሎቹ ያንሳል። ቢሆንም ጊታር ነው። እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ አየችና «መክተፊያዬ ነች?» አለች።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎታችን እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሳይጠይቀን ጊታሪቱን አውጥተን ትዝታን በዝግታ መምታት ጀመርን። ፊቱን ወደኛ አዞረ። ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠጋ። ትንሽ አዳምጦ ድምፁን ከፍ እንድናደርገው በእጁ አመለከተን፤ ከፍ አደረግነው። ከጨረስን በኋላ ሳንቃዋን ተቀብሎ አገላብጦ ዋንዛውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ክራር ቢሆን ኖሮ አልሰማውም ነበር፤ ይህንን ግን ሰማሁት» አለ። ቀጥሎም «እንግዲያው መዝጊያውን ልሥራ» አለን።

እንግዲህ ነገሩ ስለ ጊታር ብቻ አይደለም። ጀምረን የተውነው ሥራ የኛ ብቻ መስሎ ሲታየን፣ በዚያው ምክንያት የሌላ ሰው ቁም ሣጥን ያለ መዝጊያ ይቀራል። ተማሪው የጀመረው ጽሑፍ የመምህሩ ድካም አለበት፤ ወጣቱ ሠራተኛ ያሳደረው ፋይል በደጅ የቆመ ባለ ጉዳይ አለው። ከሩቅ የሚመጣውን የተሟላ ዕቃ ከመጠበቅ፣ በእጅ ባለው ጀምሮ የተበጠሰውን መቀጠል ይሻላል። ቁስቋምም ራሷ በ1880 ዓ. ም. ደርቡሾች ጐንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ነድዳ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ገና ተሠርቶ ነው ዛሬ ኅዳር 6ን የምናከብርበት።

አጎታችን የመዝጊያውን ሳንቃ መርጦ ማድረቅ ጀምሮአል። በሚመጣው ኅዳር ጠያቂዎቹ እኛ እንሆናለን።