ክብደታችንና የሳንባችን አቅም

ወፍራም ሰው ዳገት ሲወጣ ቶሎ እንደሚያለከልክ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ በመነሳት ክብደት በቀነሰ ቁጥር ሳንባ የሚበረታ ይመስለናል። ይሁንና የክብደት ማነስም እንደ መብዛቱ ሁሉ የሳንባን አቅም ይቀንሳል። ለምን ይሆን?

የሳንባ አቅም የሚለካው ስፓይሮሜትር በተባለ መሣሪያ ነው። ተመርማሪው አየር እስከ መጨረሻው ከሳበ በኋላ በሙሉ ኃይሉ ያስወጣዋል፤ መሣሪያውም የወጣውን ጠቅላላ አየርና በመጀመሪያው ሴኮንድ ብቻ የወጣውን ይመዘግባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሀቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 መሣሪያውን ሲያስተዋውቅ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ፣ የአየሩ መጠን ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ክብደትንም የምንመዝነው ከቁመት ጋር አገናዝበን ነው። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስደን፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር እናካፍላለን። ለአዋቂዎች ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደት አንሷል፤ 25 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዝቷል ይባላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ተማሪ 17.3 ስለሚያገኝ ክብደቱ አነስተኛ ነው።

ክብደት ሲበዛ በሆድና በደረት ላይ የተከማቸው ስብ ድያፍራም የተባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ስለሚገፋው ሳንባ እንደ ልቡ አይሰፋም። ምግብ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ጭምር ለኃይል ምንጭነት ይጠቀማል። ድያፍራምና የጎድን አጥንት ጡንቻዎችም ከዚህ ስለማያመልጡ አየር የመሳብና የመግፋት ጉልበታቸው ይደክማል። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ቀጭን ሆነው የሚበረቱት ጡንቻቸው በልምምድ የዳበረ፣ ምግባቸውም የተሟላ በመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 22 በመቶው ክብደታቸው ያነሰ፣ 8 በመቶው የበዛ ነበር። ስለዚህ ለምዕራብ ጎጃም ወጣቶች ስለ ውፍረት ብቻ ማስተማር አይበቃም። በገጠሩ የማገዶ ጭስም ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ምድጃ ዳር የምትውል ቀጭን ወጣት የምርመራ ውጤቷ ዝቅ ቢል ጥፋቱን በክብደቷ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። በተጨማሪም ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሚገኙ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የደከመ ሳንባ ዳገት ላይ ቶሎ ይታወቃል።

የሳንባ አቅም ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በመሆኑም በወጣትነታችን በቂና የተመጣጠነ ምግብ መመገብ፣ ሰውነታችንን ማንቀሳቀስና ከጭስ መራቅ ለቀሪው ዕድሜያችን የምናኖረው ስንቅ ነው።